ቀንን የሚቆጥር ሞለኪውል

ሰውም ሆነ ዕፅዋት ቀንና ሌሊትን የሚከተል ውስጣዊ ሰዓት እንዳላቸው ይታወቃል። ባክቴሪያ ግን እንዲህ ያለ ሰዓት ሊኖረው አይችልም የሚለው አስተሳሰብ ለረጅም ጊዜ ጸንቶ ቆይቷል። በአንድ ቀን ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ ሊከፈል የሚችል ሕዋስ ከዕድሜው የሚረዝመውን ቀን መቁጠር ምን ይጠቅመዋል? ጥያቄው ምክንያታዊ ቢመስልም መልሱ ከተጠበቀው የተለየ ሆኖ ተገኝቷል።

ሳያኖባክቴሪያ እንደ ዕፅዋት በብርሃን አስተፃምሮ ምግባቸውን የሚያዘጋጁ ባክቴሪያዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1998 የጃፓንና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሲኔኮኮከስ ኢሎንጋተስ በተባለው ዝርያ ውስጥ ሰዓቱን የሚያንቀሳቅሱ ሦስት ጂኖችን አገኙ። በጃፓንኛ ዑደትን በሚያመለክተው ቃል «ካይ» ብለው ሰየሟቸው፤ ፕሮቲኖቻቸውም ካይ-ኤ፣ ካይ-ቢ እና ካይ-ሲ ይባላሉ። በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት የሰዓታቸው ርዝመት የተለያየ ባክቴሪያዎችን ቀላቅሎ አሳደገ። ሰዓታቸው ከብርሃንና ከጨለማው ዑደት ጋር የተስማማው ሌሎቹን አሸነፉ፤ ብርሃኑ ሳይቋረጥ ሲበራ ግን ብልጫቸው ጠፋ። ስለዚህ ሰዓቱ የህልውና ጉዳይ ነው ማለት ነው።

ሰዓቱ የሚሠራው ጂኖች በየተራ ሲበሩና ሲጠፉ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 በናጎያ ዩኒቨርሲቲ የታካኦ ኮንዶ ቡድን ሦስቱን ፕሮቲኖች ኤቲፒ ከተባለው የሕዋስ የኃይል ምንጭ ጋር በሙከራ ቱቦ ውስጥ ቀላቀለ። ጂንም ሆነ ሕዋስ በሌለበት በካይ-ሲ ላይ የሚለጠፈው የፎስፌት መጠን በ24 ሰዓት ገደማ እየጨመረና እየቀነሰ ለቀናት ቀጠለ።

ይህ እንዴት ይሆናል? ስድስት የካይ-ሲ ሞለኪውሎች ተገጣጥመው አንዱ በሌላው ላይ የተደረቡ ሁለት ቀለበቶችን ይሠራሉ። ቀን ላይ ካይ-ኤ የአንደኛውን ቀለበት ጫፍ ይይዝና ፎስፌት በሁለት ጎረቤታም አሚኖ አሲዶች ላይ እንዲለጠፍ ያደርጋል። ሁለቱም ሲሞሉ ሌላኛው ቀለበት ካይ-ቢን ለመቀበል ይዘጋጃል። ካይ-ቢ ግን በተለመደው ቅርጹ ሊጣበቅ አይችልም፤ አስቀድሞ አስተጣጠፉን መለወጥ አለበት። ከተጣበቀ በኋላ ካይ-ኤን ይዞ ከሥራ ያግደዋል። በዚህ ጊዜ ፎስፌቱ ቀስ በቀስ ይለቃል፣ ካይ-ቢ ይላቀቃል፣ ካይ-ኤም ነፃ ወጥቶ ዑደቱ እንደገና ይጀምራል።

የፊዚክስ ተማሪን ይበልጥ የሚያስደንቀው ዝግታው ነው። በሕዋስ ውስጥ ጭነት የሚያጓጉዘው ኪኔሲን በአንድ ሴኮንድ እስከ 100 የሚደርስ ኤቲፒ ሲሰብር፣ አንድ ካይ-ሲ በቀን የሚሰብረው 15 ያህል ብቻ ነው። 24 ሰዓትን ለ15 ብናካፍል በ96 ደቂቃ አንድ እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የክሪስታል ጥናት እንዳሳየው፣ ኤቲፒን የሚሰብረው የውሃ ሞለኪውል ለሥራው ከሚመቸው ቦታ ርቆ እንዲቀመጥ የካይ-ሲ ቅርጽ ያስገድደዋል። አንድን አሚኖ አሲድ በመለወጥ ይህ ፍጥነት ሲጨምር ሰዓቱም ይፈጥናል።

ብዙ ኬሚካዊ አጸግብሮቶች ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ፍጥነታቸው ሁለትና ሦስት እጥፍ ያድጋል። የካይ ሰዓት ግን በ25 እና በ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ብዙም አይለወጥም። በሞቃት ቀን የሚፈጥን ሰዓት ንጋትን አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልምና፣ ይህ ጽናት ለባክቴሪያው ወሳኝ ነው። የቀኑ ርዝመት በፕሮቲኑ ቅርጽ ውስጥ ተቀርጿል ስንል ይህንኑ ማለታችን ነው።