ስክሪኑን ማን ያቆመዋል? ስለ ዲጂታል ትምህርት የሚታመነውና እውነታው

ዘመናዊ ትምህርት በአገራችን ሲጀመር የአዲስ አበባዋ አራዳ ነበረችበት። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እዚህ ነው፤ በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትም እዚህ ነው፤ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ዓ.ም. በሩን የከፈተውም አራት ኪሎ ላይ ነው። ፕላዝማው፣ ላፕቶፑ፣ በኮሮና ጊዜ የመጣው የቴሌግራም ትምህርት፣ አንዳቸውም የዚህን ሰፈር ልጆች አልዘለሉም። አሁን ደግሞ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ልጁን ሊያስመዘግብ የሚሄድ ወላጅ «ስማርት ቦርድ አላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል።

የሚወጣው ገንዘብ የወላጅና የሕዝብ ነው፤ የሚያልፈው ጊዜ የልጆች ነው። ስለዚህ በየቤቱና በየስብሰባው የሚባለውን እየነሣን፣ በተግባር ከታየው ጋር እናስተያየው።

«ጎበዝ መምህር በስክሪን ከመጣ ሁሉም ተማሪ እኩል ይማራል»

ይህን እምነት አገራችን በሰፊው ሞክራዋለች። በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት፣ በየክፍሉ በተሰቀለ ፕላዝማ ቴሌቪዥን መሠራጨት ሲጀምር ዓላማው የሚያስመሰግን ነበር፤ የሠለጠነ መምህር ያላገኘ የገጠር ተማሪ ከአዲስ አበባው ተማሪ ጋር አንድ ዓይነት ትምህርት እንዲያገኝ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተቀርጾ፣ በእንግሊዝኛ፣ በተመሳሳይ ሰዓት በመላ አገሪቱ ይለቀቅ ነበር። የክፍሉ መምህር መግቢያ ይናገራል፤ ከዚያ ወደ ዳር ይቆማል፤ በመጨረሻ በቀሩት ጥቂት ደቂቃዎች ያጠቃልላል።

በዚያ ክፍል የተማረ ሁሉ የሚያስታውሰው አንድ ነገር አለ፤ ፕላዝማው አይቆምም። ጥያቄ ይጠይቃል፣ ለመልስ ጥቂት ጊዜ ይሰጣል፣ ተማሪው ጥያቄውን ገልብጦ ሳይጨርስ መልሱን ተናግሮ ያልፋል። እጅ ቢወጣ አያይም። መብራት ከጠፋ ያ ትምህርት አመለጠ ማለት ነው። እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋው ተምሮ የመጣ ልጅ ደግሞ ከይዘቱ በፊት ከቋንቋው ጋር ይታገላል። ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች፣ ዳግማዊ ምኒልክን በመሳሰሉ ትምህርት ቤቶች ከሚያዩት ጋር አብረው የሚማሩት ማለቴ ነው፣ «በሥዕሉ ላይ እንደምታዩት» የሚል መምህር ነበር የገጠማቸው።

እንግዲህ እኩል የተሠራጨው ስርጭቱ ነው። መማር ሌላ ነገር ነው። ፕላዝማውን ያዳከመው የምስሉ ጥራት አይመስለኝም፤ በክፍሉ ውስጥ የማን ፊት እንደጠቆረ የሚያየው መምህር «ቆይ፣ እንድገመው» የማለት ሥልጣን ስላልነበረው ነው። ዛሬ ስለሚገዛ መሣሪያ ሁሉ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይኸው ነው፤ ተማሪው ሳይገባው ሲቀር ማን ያስቆመዋል?

«ላፕቶፕ ስጠው እንጂ ልጁ ራሱን ያስተምራል»

በ2001 ዓ.ም. አካባቢ «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ሕፃን» የተባለው ዓለም አቀፍ ፕሮግራም በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ላፕቶፖችን ወደ ኢትዮጵያ ሲያመጣ፣ ዳግማዊ ምኒልክና አፄ ናዖድ ትምህርት ቤቶች ከገጠር ትምህርት ቤቶች ጋር ከተቀባዮቹ መካከል ነበሩ። ልጆቹ ወደዱት፤ ፎቶ አነሡበት፣ ጻፉበት፣ ተጫወቱበት። ችግሩ የመጣው ክፍል ውስጥ ነው። መጽሐፉን በዓመቱ መጨረስ ያለበት መምህር፣ ላፕቶፑ በየትኛው ትምህርት፣ በየትኛው ደቂቃ፣ ለምን እንደሚከፈት በቂ ሥልጠና ካላገኘበት የሚያየው ተማሪውን እንደሚወስድበት መጫወቻ አድርጎ ነው። ለዚህም መምህሩን መውቀስ አይገባም።

ሌላም ታሪክ አለ፤ በውጭ አገር መድረኮች ብዙ ተነግሮለታል። እ.ኤ.አ. በ2012 በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ ሕፃናት ታብሌት በካርቶን እንደታሸገ ተሰጣቸው። አንዱ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ ከወራት በኋላ ልጆቹ የተዘጋውን ካሜራ እንዲሠራ አደረጉት ተባለ። የልጆቻችን ብልህነት ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ማሽን ማብራትና አንብቦ መረዳት በጣም የተራራቁ ናቸው። በ«አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ሕፃን» ፕሮግራም ከሁሉ አገር በላይ ላፕቶፕ ያደለችው ፔሩ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ጥናት በሒሳብም በቋንቋም ፈተና ላፕቶፕ ባገኙትና ባላገኙት መካከል የሚታይ ልዩነት አላገኘም። ቲክቶክን ከአባቱ በተሻለ የሚያውቅ ልጅም እንዲሁ ነው፤ የሰማውን ወሬ ከምንጩ ማጣራት የሚያስተምረው ሰው ይፈልጋል።

«መሣሪያ በበዛ ቁጥር ውጤት ከፍ ይላል»

አይልም። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት (ኦኢሲዲ) እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ሪፖርት፣ ለትምህርት ቴክኖሎጂ ብዙ ያወጡ አገሮች በንባብ፣ በሒሳብና በሳይንስ ይህ ነው የሚባል መሻሻል አላሳዩም። ኮምፒውተርን በመጠኑ የሚጠቀሙ ተማሪዎች ፈጽሞ ከማይነኩት ሻል ይላሉ፤ አብዝተው የሚጠቀሙት ግን ወደ ኋላ ቀርተዋል።

የሠራውንም እንይ። ዴልሂ ውስጥ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ማይንድስፓርክ የተባለ ሶፍትዌር የተጠቀሙ ተማሪዎች በአራት ወር ተኩል ውስጥ በሒሳብም በሂንዲም በግልጽ ተሻሽለዋል። ምክንያቱ ሶፍትዌሩ ልጁ 7ኛ ክፍል ቢሆንም የሚያውቀው የ4ኛውን ከሆነ ከዚያው ጀምሮ ስለሚያስተምረው ነው። ይጠብቀዋል፤ ፕላዝማው የማይችለውን ይችላል ማለት ነው።

«ኢንተርኔትና ለየተማሪው አንዳንድ መሣሪያ ከሌለ አይሆንም»

ብዙ መምህራንን ከመጀመር የሚያግደው ይህ ነው። ቦትስዋና ውስጥ ትምህርት ቤቶች በኮሮና ሲዘጉ ተመራማሪዎች ያለ ስማርት ስልክ ሞከሩ፤ በየሳምንቱ የሒሳብ ጥያቄ በአጭር መልእክት ይላካል፣ ከዚያ አንድ ሰው ለወላጅ ይደውልና ከልጁ ጋር ይሠራል። ትምህርቱን ያሻሻለው መልእክቱ ከጥሪው ጋር ሲሆን ነው፤ መልእክቱ ብቻውን ይህን ያህል አልሠራም። የሰው ድምፅ ሲጨመርበት ልጁ ተማረ።

አንድ የፊዚክስ መምህር የኤሌክትሪክ ዑደት ሊያስተምር ነው እንበል። ቤተ ሙከራው ባዶ ነው፤ ያለው አንድ ላፕቶፕና አንድ ፕሮጀክተር ነው። በአሜሪካው ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው ነፃ የማስመሰያ ሶፍትዌር፣ «ፌት» የሚባለው፣ አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ በፍላሽ ከመምህር ወደ መምህር ይሄዳል። መምህሩ ሁለት አምፖል በተርታ ያገናኝና ማብሪያውን ሳይነካ ይጠይቃል፤ «ሦስተኛ ብንጨምር ብርሃኑ ምን ይሆናል?» ተማሪው መልሱን ደብተሩ ላይ ይጽፋል፣ ከጎኑ ካለው ጋር ይከራከራል። ከዚያ ሦስተኛው ተጨምሮ ማብሪያው ይጫናል። የተሳሳተው ተማሪ ለምን እንደተሳሳተ ማሰብ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ መምህሩም እስኪግባቡ ድረስ ምስሉን ያቆመዋል።

የተማሪውን መልስ ለመሰብሰብም ስልክ ማደል አያስፈልግም። «ፕሊከርስ» በሚባለው ዘዴ ተማሪው ኮድ የታተመበት ወረቀት እንደ መልሱ አዙሮ ያነሣል፤ መምህሩ በአንድ ስልክ ካሜራ ክፍሉን ሲቃኝ ማን ምን እንደመለሰ ይታየዋል። ወረቀቱን የትኛውም የፒያሳ ፎቶ ኮፒ ቤት ያትመዋል። ዝም ብሎ የሚቀመጠው የኋላ ወንበር ተማሪም በዚህ መንገድ መልስ ይሰጣል።

ማየት ለተሳነው ተማሪ ደግሞ የመሣሪያ ጥቅሙ ከሁሉም ይበልጣል። ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ ጽሑፍን በድምፅ ሲያነብለት፣ አንባቢ ሰው ፍለጋ የሚያጠፋውን ሰዓት ለጥናት ያውለዋል። ይህ እንዲሆን ግን መጽሐፉ በፎቶ ሳይሆን ሊነበብ በሚችል ፊደል መዘጋጀት አለበት፤ በስካን የተነሣ ገጽ ለድምፅ አንባቢው ባዶ ነው። መጽሐፍ አዘጋጆች ይህን አጥብቀው እንዲያስቡበት እለምናለሁ።

«ፒዲኤፉ ስላለ መጽሐፉ ቢቀርስ?»

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር መጽሐፍ በመዘግየቱ ብዙ ተማሪ ከስልክ ላይ አንብቧል፤ ከምንም ይሻላል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመና 54 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና፣ በተለይ ጊዜ ሲያጥርና ጽሑፉ ትምህርታዊ ሲሆን አንባቢ ከወረቀት የተሻለ እንደሚረዳ አሳይቷል። የታተመው መጽሐፍ መድረስ አለበት።

«ሰው ሠራሽ አስተውሎት መልሱን ስለሚሰጥ ልጁ ያውቃል»

ቱርክ ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት መልሱን ሰጥቷል። መልስ በሚሰጥ ሶፍትዌር የተለማመዱት ልምምዱ ላይ እጅግ ጎበዙ፤ ሶፍትዌሩ ተወስዶ ሲፈተኑ ግን ፈጽሞ ካልተጠቀሙት በ17 በመቶ አነሱ። መልስ ከመስጠት ይልቅ ፍንጭ እንዲሰጥ የተገደበው ሶፍትዌር ይህን ጉዳት በእጅጉ ቀንሶታል።

ለርዕሰ መምህራንና በጀት ለምትይዙ ሁሉ፦ በሚቀጥለው ግዢ ከስክሪኑ በፊት የመምህራኑን ሥልጠና አስቀድሙ፤ ተቆልፎ የቆየ የኮምፒውተር ክፍል ካላችሁ ክፈቱት፤ የመሣሪያውን ግዢ ከመፈረማችሁ በፊትም የሚያስተምርበትን መምህር ጠርታችሁ ጠይቁት።