የሲኒማ ቤት የአባልነት ካርድ ለፊልም ወዳጅ ይጠቅመዋልን?

በልዩ ልዩ ከተሞች ብዙ አዳራሾች ያሏቸው የሲኒማ ኩባንያዎች ለተመልካቾቻቸው የአባልነት ካርድ መሸጥ ከጀመሩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ተመልካቹ በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ ይከፍላል፤ በወሩም ውስጥ የፈለገውን ያህል፥ ወይም በሳምንት እስከ ተወሰነ ቍጥር ድረስ፥ ለየጊዜው ትኬት ሳይገዛ ፊልም ያያል። ከእኛ መካከል ለትምህርት ወደ ፓሪስ፥ ወደ ለንደን ወይም ወደ ዋሽንግተን የሚሄድ ሁሉ ከዚህ ካርድ ጋር መገናኘቱ አይቀርም። የተማሪም ኪስ የታወቀ ነው፤ ለካርድ የወጣ ገንዘብ ከመጽሐፍ ወይም ከምሳ የተቀነሰ ነው። ስለዚህ ካርዱ ይጠቅማልን ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ከኪሱም ጥያቄ ጋር አብሮ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የምናየውን ፊልም የሚመርጥልን ማን ነው የሚለው ነው። ሁለቱንም በየተራ እንመልከት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

፩. ሒሳቡ

ኤ ኤም ሲ የተባለው የአሜሪካ ትልቅ የሲኒማ ኩባንያ በ2018 በወር 19.95 ዶላር የሚከፈልበት ካርድ አወጣ። ካርዱ በሳምንት እስከ ሦስት ፊልም ያሳይ ነበር። ዋጋው ከዚያ ወዲህ ጨምሯል፤ ለሒሳቡ ግን የዚያን ዓመት ቍጥር እንያዝ። በ2018 በአሜሪካ አገር የአንድ ትኬት አማካይ ዋጋ 9.11 ዶላር ነበር። እንግዲህ በወር ሁለት ፊልም የሚያይ ሰው ትኬት ቢገዛ 18.22 ዶላር ስለሚያወጣ ካርድ ቢይዝ ይከስራል። ሦስት የሚያይ ግን ለትኬት 27.33 ዶላር ያወጣ ነበርና 7.38 ዶላር ይተርፈዋል። ድንበሩ እንግዲህ ሦስተኛው ፊልም ነው።

ዳሩ ግን አማካይ ዋጋ ብዙ ነገር ይሸፍናል። እንደ ኒው ዮርክ ባለ ከተማ ትኬቱ ከአማካዩ እጅግ ስለሚበልጥ ካርዱ ዋጋውን ቶሎ ይመልሳል። በትንሽ ከተማ የሚኖር፥ ወይም በርካሹ የቀን ትርኢት መግባት የሚችል ሰው ግን ወጪውን ለመመለስ ብዙ ጊዜ መመላለስ አለበት። የመጓጓዣውም ሒሳብ አለ፤ አዳራሹ ከመኖሪያ ቤት በሁለት አውቶቡስ የሚደረስ ከሆነ ካርዱ የሚያተርፈውን አውቶቡሱ ይወስደዋል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ግን ሰው ወደ ፊት አያለሁ ብሎ በሚያስበው ቍጥር ማስላቱ ነው። ትክክለኛው ሒሳብ ባለፉት ሦስት ወራት በእውነት ያየነውን መቍጠር ነው። በፈተና ወር ተማሪ ሲኒማ ቤት አይሄድም፤ ክፍያው ግን ፈተና አያውቅም። ብዙ ካርዶች ለተወሰኑ ወራት፥ አንዳንዶቹም ለዓመት ስለሚያስሩ፥ አልሄድኩምና አልከፍልም ማለት አይቻልም። እንዲህ ያለው ካርድ «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» የተባለው ዐይነት ሀብት ነው።

፪. ኩባንያው ለምን ይሸጠዋል?

አንባቢ ሆይ፥ ለደንበኛው የሚያተርፍ ከሆነ ኩባንያው ምን ይጠቀማል ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። መልሱ በባዶው ወንበር ላይ ነው። ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ሁለት መቶ ወንበር ባለው አዳራሽ ሃያ ሰው ቢቀመጥ፥ መብራቱም፥ ማሳያ መሣሪያውም፥ የሠራተኛውም ደመወዝ ያው ነው። በአንዱ ባዶ ወንበር ላይ ባለ ካርድ ቢቀመጥበት፥ ኩባንያው ለፊልሙ ባለቤት ድርሻውን ከመክፈል በቀር ብዙ ተጨማሪ ወጪ የለበትም። ያ ሰው ደግሞ ፈንዲሻና ለስላሳ ይገዛል። ከትኬት ገቢ ግማሽ ያህሉ ለፊልሙ ባለቤት ይሄዳል፤ ከፈንዲሻው ሽያጭ ግን አብዛኛው ለሲኒማ ቤቱ ይቀራል። ትኬቱን በነጻ ያገኘ የሚመስለው ሰው እጁን ለፈንዲሻ በቀላሉ ይዘረጋል።

ሁለተኛው ምሥጢር የማይመጡት አባላት ናቸው። ካርዱ እቍብ አይደለም፤ በእቍብ እያንዳንዱ የከፈለውን ያህል በተራው ያገኛል። ካርዱ ለእድር ይቀርባል፤ ሁሉም በየወሩ ይከፍላል፥ የሚጠቀመው ግን ነገር የደረሰበት ነው። ልዩነቱ በእድር ያልተጠቀመ ሰው ቤቱ ሐዘን ስላልገባ ደስ ይለዋል፤ በካርድ ያልተጠቀመ ግን ለሌላው ትኬት ከፍሎ መቅረቱ ነው።

፫. የሙቪፓስ ውድቀት

ይህ አሠራር የሚጸናው ወንበሩ የራስ ሲሆን ብቻ መሆኑን ሙቪፓስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በውድቀቱ አሳይቷል። ሙቪፓስ የራሱ ሲኒማ ቤት አልነበረውም። በነሐሴ 2017 ዋጋውን በወር ወደ 9.95 ዶላር አወረደና በየቀኑ አንድ ፊልም ማየት ፈቀደ፤ ሲኒማ ቤቶቹን ግን ለእያንዳንዱ ትኬት ሙሉውን ዋጋ ይከፍላቸው ነበር። እንግዲህ አንድ አባል በወር ሁለት ፊልም ባየ ቍጥር ድርጅቱ ይከስር ነበር ማለት ነው። በ2018 አጋማሽ አባላቱ ከሦስት ሚሊዮን በለጡ፤ ኪሳራውም አብሮ በለጠ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ገንዘብ አልቆበት አገልግሎቱ ለጊዜው ተቋረጠ። በነሐሴ በቀን አንድ የነበረው በወር ሦስት ፊልም ብቻ ሆነ። በመስከረም 2019 ሥራውን አቆመ፥ በጥር 2020 ባለቤት ድርጅቱ መክሰሩን ለፍርድ ቤት አስታወቀ። በ2021 ደግሞ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን፥ ድርጅቱ ብዙ ፊልም የሚያዩትን አባላት የይለፍ ቃል ሆን ብሎ እየሰረዘ እንዳይጠቀሙ አድርጓል ሲል ከሰሰውና ጉዳዩ በስምምነት አለቀ።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። ሻጩ በማትመጣበት ጊዜ ብቻ የሚያተርፍ ከሆነ፥ ስትመጣ ያስቸግርሃል። ፊልም ወዳጅ ማለት ደግሞ አዘውትሮ የሚመጣው ሰው ነው። ስለዚህ ዋጋው ከመጠን በላይ ሲረክስ መደሰት ሳይሆን፥ የሚከፍለው ማን ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል።

፬. የፈረንሳይ ክርክር

ስለ ምርጫው ጥያቄ ቀድሞ የተነሣው በፈረንሳይ ነው። ዩ ዤ ሴ የተባለው ኩባንያ በመጋቢት 2000 በወር 98 ፍራንክ ያለ ገደብ ፊልም የሚያሳይ ካርድ ሲያወጣ ትንንሾቹ ሲኒማ ቤቶች ጮኹ። ክርክራቸው እንዲህ ነበር፤ የወሩን ገንዘብ ለአንድ ኩባንያ አስቀድሞ የከፈለ ሰው በሠፈሩ ባለች ትንሽ ሲኒማ ቤት ትኬት አይገዛም፤ እነዚያ ትንንሽ ቤቶች ከተዘጉ ደግሞ በሌላ ስፍራ የማይታዩት ፊልሞች አብረው ይጠፋሉ። መንግሥቱ ካርዱን አልከለከለም። በ2001 በወጣው ሕግ ግን ካርዱ ፈቃድ እንዲያሻው፥ ለፊልሙም ባለቤት በተወሰነ መነሻ ዋጋ ድርሻው እንዲከፈል፥ ታላላቆቹም ኩባንያዎች ትንንሾቹን በካርዱ እንዲያስገቡ ሥርዐት አበጀለት። ስለዚህ በፓሪስ ካርድ የያዘ ተማሪ ከኩባንያው አዳራሾች ውጭ ባሉ አንዳንድ ሲኒማ ቤቶችም ይገባበታል።

ካርዱ ለፊልም ወዳጅ የሚሰጠው እውነተኛ ጥቅም የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። ለአንድ ትኬት ገንዘብ የሚያወጣ ሰው መክሰር ስለሚፈራ ስሙ የታወቀውን ፊልም ይመርጣል። ካርድ ያለው ግን የማያውቀውን ሰው ፊልም፥ በማያውቀው ቋንቋ የተሠራውን እንኳ፥ ገብቶ መሞከር ይችላል፤ ባይጥመው የሚያጣው ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ይሁን እንጂ መሞከር የሚቻለው በአዳራሹ ከቀረበው መካከል ነው።

፭. ካርዱ የማይከፍተው በር

ለዚህ ከራሳችን ሰው ታሪክ ምሳሌ እናገኛለን። በጎንደር የተወለዱት፥ በዋሽንግተንም በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ያስተማሩት ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ስለ ባርነት የሚናገረውን «ሳንኮፋ» የተባለ ፊልማቸውን በ1993 ሲያወጡ የአሜሪካ ፊልም አከፋፋዮች አልተቀበሉትም። እሳቸውና ረዳቶቻቸው አዳራሽ እየተከራዩ ከከተማ ወደ ከተማ አሳዩት፤ ተመልካችም ተሰልፎ ገባ። ያን ጊዜ በኪሱ የታላቅ ኩባንያ ካርድ የነበረው ሰው ቢኖር ኖሮ ካርዱ ለዚህ ፊልም ምንም ባልጠቀመው ነበር፤ ሌላው ሰው እንዳደረገው ትኬት መግዛት ነበረበት። የወሩን የሲኒማ ገንዘብ በሙሉ ለካርድ ከፍሎ የጨረሰ ተማሪ ቢሆን ግን ወደ ትልቁ ሲኒማ ቤት ሄዶ ሌላ ፊልም ያይ ነበር። የራሱን ወገን ፊልም ባዶ አዳራሽ የሚያስቀረው እንዲህ ያለው ትንሽ ሒሳብ ነው።

እዚህ ላይ «አባል» የሚለውን ቃል ልብ እንበል። እኛ የማኅበራችን አባላት ነን ስንል እንመርጣለን፥ እንከራከራለን፥ ገንዘቡም በምን ላይ እንደ ዋለ እንጠይቃለን ማለታችን ነው። በ1925 በለንደን የተቋቋመው የፊልም ማኅበር አባላት ከፍለው ይሰበሰቡ የነበረው የንግድ ሲኒማ ቤቶች የማያሳዩትን ፊልም ለማየት ነበር። የኩባንያ ካርድ የያዘ ሰው ግን ስሙ አባል ይባል እንጂ ድምፅ የለውም፤ አስቀድሞ የከፈለ ደንበኛ ነው።

፮. ምን እናድርግ?

እንግዲህ በአጭሩ፥ ባለፉት ሦስት ወራት በየወሩ ሦስትና ከዚያም በላይ ፊልም ያየ፥ አዳራሹም በእግር የሚደረስለት፥ የፈተናውንም ወር ክፍያ የሚችል ሰው ካርዱን ቢይዝ ይጠቀማል። ከያዘም የማያውቀውን ፊልም ይሞክርበት፤ ስሙ የገነነውን ብቻ እየደጋገመ የሚያይበት ከሆነ ግማሹን ጥቅም ጥሎታል። ከዚህ በታች የሚያይ ሰው ግን ትኬቱን በየጊዜው ይግዛ።

ለሁሉም የሚሆን አንድ ምክር አለ። ካርድ የያዘ ሰው በየወሩ የአንድ ትኬት ዋጋ ለብቻው ያስቀምጥ፤ ይህን ገንዘብ ካርዱ ለማይደርስበት ፊልም ብቻ ያውጣው። ይህን ማድረግ ኪሱ የማይችል ከሆነ ካርዱም ከአቅሙ በላይ ነው።