ጉንፋንና አሞክሳሲሊን ምን አገናኛቸው?

መካነ ሰላም ደጋ ነው። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከየአቅጣጫው መጥቶ አንድ ዶርም ውስጥ ሲታጨቅ፣ አንዱ ሲያስነጥስ ለሌላው መትረፉ አይቀርም። ጉንፋን በቫይረስ እንደሚመጣ ሁሉም ተምሯል፤ አልመለስበትም። ትዕግሥቴን የሚያስጨርሰኝ ከላይኛው አልጋ የሚወርደው ምክር ነው፦ «አሞክሳሲሊን ጀምርበት፣ በሦስት ቀን ይነቅልልሃል።»

አይነቅልም! ጉንፋን በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይበረታል፤ ከዚያ በራሱ ይቀንሳል። ካፕሱሉ የሚጀመረው በባሰበት ቀን ስለሆነ ምስጋናውን ይወስዳል። ጦስኝ አፍልቶ የጠጣውም በዚያው ሰሞን ይሻለው ነበር፣ ያውም ጉሮሮው ለስልሶለት።

አሞክሳሲሊን የባክቴሪያ መድኃኒት ነው፤ የሚሠራውም እንዲህ ነው። ባክቴሪያ ዙሪያውን እንደ ሹራብ የተጠላለፈ ግድግዳ አለው፤ ሲያድግ አንዱ ኢንዛይሙ አሮጌውን ክር ይተረትራል፣ ሌላው አዲስ ይሠራል። አሞክሳሲሊን ሠሪው ኢንዛይም የሚይዘውን ክር ስለሚመስል ኢንዛይሙ ይይዘዋል፤ ከያዘው በኋላ ግን መልቀቅ አይችልም። ተርታሪው ሥራውን አላቆመም። ግድግዳው ይሳሳል፣ ውኃ ይገባል፣ ባክቴሪያው ይፈነዳል። ቫይረስ ይህ ግድግዳ የለውም፤ የሚተረተርም የሚሠራም የለም። አክታ አረንጓዴ መሆኑም ምስክር አይሆንም፦ ቀለሙ የራሳችን ነጭ የደም ሴሎች ከያዙት አረንጓዴ ኢንዛይም ነው።

ታዲያ ካፕሱሉ ማንን አገኘ? አንጀት ውስጥ በሰላም የሚኖሩትን። ብዙዎቹ ይሞታሉ፤ ቤታ ላክታሜዝ የተባለውን፣ መድኃኒቱን የሚሰብር ኢንዛይም የሚያመርቱት ይተርፋሉ፣ ባዶውን ቦታም ይሞላሉ። ይባስ ብሎ የኢንዛይሙ ዘረመል ብዙ ጊዜ ፕላስሚድ በምትባል ትንሽ የዲ ኤን ኤ ቀለበት ላይ ስለሚቀመጥ ለሌላ ዝርያ ባክቴሪያ ሳይቀር ይተላለፋል። ነገ ካፕሱሉን የዋጠውን ተማሪ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሲይዘው ያው መድኃኒት ላይሠራለት ይችላል።

«ጀምረህ ካቋረጥክ ባክቴሪያው ይላመዳል» የሚለውን እኛው የጤና ሰዎች ስናስተምር ኖረናል። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 እ.ኤ.አ. የኖቤል ንግግሩ አነስተኛ መጠን መውሰድ መቋቋምን እንደሚያስከትል አስጠንቅቋል። በ2017 እ.ኤ.አ. ግን ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ የወጣ ጽሑፍ ከሚገባው በላይ ረጅም ሕክምናም ለመላመድ በር ይከፍታል ሲል ተከራከረ። ክርክሩ አልተቋጨም፤ እንደ በሽታውም ይለያያል፤ ለሳንባ ነቀርሳ ማቋረጥ ፈጽሞ አይሠራም። ስለዚህ የታዘዘልህን ያለ ሐኪም ምክር አታቋርጥ፤ ያልታዘዘልህን ግን «ልጨርሰው ወይስ ልተወው» ማለት ቀድሞም ያንተ ጥያቄ አልነበረም።

ይሁንና ሁሉም የጉሮሮ ሕመም የቫይረስ አይደለም። ትኩሳቱ ከበረታ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ተሽሎህ የነበረው ተመልሶ ከጠና፣ ወይም አሥር ቀን አልፎ ካልተሻለህ፣ የጓደኛህን ትራፊ ካፕሱል ትተህ ወደ ግቢው ክሊኒክ ውረድ።