ሾርባውን አስቤ ሰውየውን ረሳሁት

«በዚህ ብርድ ጀልባ? አብደሃል?» አለችኝ እኅቴ። ሲያትል ከከተምኩ ወዲህ የሸራ ጀልባ ለምዶብኝ የለ! ታዲያላችሁ ባለፈው ታኅሣሥ የትንሿ ክበባችን ውድድር አዘጋጅ ሆንኩ፤ 9 ጀልባ፣ ዋሽንግተን ሐይቅ ላይ።

እንደ ሀበሻ ወጋችን ሐሳቤ ሁሉ መስተንግዶው ላይ ነበር። የምስር ሾርባ በትልቅ ድስት፣ ሻይ በቅርንፉድ። ለነፍስ አድን የሞተር ጀልባዋ ግን አንድ ሰው ብቻ መደብኩ።

በሁለተኛው ዙር ነፋሱ በረታና አንዱ ጓደኛችን ተገለበጠ። እናንተዬ፣ ውሃው 8 ዲግሪ ገደማ ነው! እንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው መጀመሪያ ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ ከ10 ደቂቃ ገደማ በኋላ ደግሞ እጁ አልታዘዝ ይለዋል። የሞተር ጀልባዋ ነጂ ብቻውን መሪ ይያዝ ወይስ ሰው ይጎትት? ሦስቴ ሞክሮ አቃተው። ልጁን ያቆየው ላይፍ ጃኬቱ ነው፤ ሌላ ተወዳዳሪ ውድድሩን ትቶ ደረሰለት።

ዳር ሲወጣ አንዱ ውስኪ ይዞ እየሮጠ መጣ። ኧረ በሕግ! አልኮል የሚያሞቅ ይመስላል እንጂ የሰውነትን ሙቀት ነው የሚያስወጣው። እርጥቡን ልብስ አወለቅንለት፣ በብርድ ልብስ ጠቀለልነው፣ በደንብ መናገር ሲጀምር ጣፋጭ ሻይ ሰጠነው።

ሦስተኛውን ዙር ሰረዝኩ። ዋንጫ የቋመጡት አኮረፉኝ። በዚያ ላይ እዚያ አገር በታኅሣሥ 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች፤ በጨለማ ማንን ልፈልግ?

ዘንድሮም አዘጋጅ ነኝ። ሁለት የሞተር ጀልባ፣ በእያንዳንዷ ሁለት ሁለት ሰው ጽፌአለሁ። ሾርባውን ማን እንደሚሠራ ገና አልወሰንኩም።