መሪና ሥራ አስኪያጅ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ካደረገ በ2018 ዓ.ም. 80 ዓመት ሞላው። እንዲህ ያለ በዓል ሲመጣ ማን እንደመራ ይነሳል፤ ሥራውን ማን እንዳስኬደው ግን ብዙ ጠያቂ የለውም። እኔ ደግሞ የተቋሙን ጉልበት የማየው ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ነው።

በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ መጥቶ መንገደኛ ሲጠፋ፣ በጊዜው ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት አቶ ተወልደ ገብረማርያም ፊታቸውን ወደ ጭነት አዞሩ። ይህ የመሪ ውሳኔ ነው። ከዚያ በኋላ ግን የ25 ያህል አውሮፕላኖችን ወንበር መንቀል፣ ወለሉ የሚችለውን ክብደት ማስላት፣ ካርቶኑን በመረብ ማሰር፣ ሠራተኛውን በፈረቃ መመደብ ነበረ። ከነዚህ አንዱ ቢጎድል ውሳኔው ከቦሌ አይነሳም።

መሪንና ሥራ አስኪያጅን የመለየቱ ነገር የቆየ አይደለም። ፈረንሳዊው ኦንሪ ፋዮል እ.ኤ.አ. በ1916 ሲጽፍ ማቀድን፣ ማዘዝንና መቆጣጠርን በአንድ ቅርጫት ነው የከተታቸው። ክርክሩን ያጋጋለው የሃርቫርዱ አብርሃም ዛሌዝኒክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣው ጽሑፍ መሪና ሥራ አስኪያጅ በተፈጥሯቸው ይለያያሉ፤ ሥራ አስኪያጁ ሥርዓት ይወዳል፣ መሪው ግርግር አያስፈራውም፣ ለአርቲስት ይቀርባል አለ። የዚያው የሃርቫርድ ጆን ኮተር እ.ኤ.አ. በ1990 አለዝቦ ማኔጅመንት ውስብስብነትን፣ አመራር ለውጥን ይቋቋማል ሲል ሥራ አከፋፈላቸው።

እኔን የሚያሳምነኝ ካናዳዊው ሄንሪ ሚንትዝበርግ ነው። ከንድፈ ሐሳብ አልጀመረም፤ አምስት ዋና ሥራ አስኪያጆችን እያንዳንዳቸውን ለአንድ ሳምንት ተከታትሎ የሚሠሩትን መዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው ከሚሠሩት ግማሹ ዘጠኝ ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ስልክ፣ ጥያቄ፣ ፊርማ፣ ደግሞ ሌላ ጥያቄ። ከለያቸው አሥር የሥራ ድርሻዎች አንዱ መሪነት ነበር፤ ከሌሎቹ ዘጠኙ ጋር በአንድ ሰው ላይ፣ በአንድ ጠዋት። ዛሌዝኒክ ሁለት ሰው ያየበት ቦታ እሱ አንድ የደከመው ሰው አገኘ።

የእኛም ቋንቋ ሁለቱ እንደማይነጣጠሉ ያውቃል። ሥራ አስኪያጅ ሥራ የሚያስኬድ ነው፤ መሪ የመኪናውም አቅጣጫ መያዣ ነው። መሪ ያለ ሞተር፣ ሞተርም ያለ መሪ የትም አያደርስም። መሥሪያ ቤቶቻችን ውስጥ ግን «አመራር» የሥራው ስም መሆኑ ቀርቶ የሹሙ መጠሪያ ሆነ፤ «አመራሩ ስብሰባ ላይ ናቸው» ይባላል። ቢፒአር፣ ቢኤስሲና ካይዘን የተባሉ የአሠራር ማሻሻያ ዘዴዎችም ተራ በተራ መጥተዋል። ካይዘንን ከሁሉም የምወደው መሣሪያ በቦታው መቀመጡን እንደ ትልቅ ጉዳይ ስለሚያይ ነው።

ቀድሞ በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት ስለ ለውጥ አመራር ሦስት ቀን ሠልጥነን ስንመለስ የማተሚያው ቀለም አልቆ ነበር። ግዢ የሚፈቅደው ኃላፊ የለም፤ ወክሎ የሚፈርምም አልተተወም። ከሰበታ የመጡ አንዲት እናት የአንድ ገጽ ደብዳቤ ለመውሰድ በረንዳው ላይ እስከ አሥር ሰዓት ተቀመጡ። ነገ ይምጡ ስንላቸው ሰነዶቻቸውን አንድ በአንድ ወደ ፌስታሉ መለሱና ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።