የ65ኛው ቤት ሒሳብ



«የሒሳብ ሊቃውንቱ የእኛ ነበሩ» ማለት እንወዳለን። በቅርቡ በአንድ ፕሮግራማችን የአል-ቢሩኒን ስም ስናነሳ አንዲት የአንደኛ ዓመት እህታችን «ምን አሰላ? እንዴትስ አሰላው?» ብላ ጠየቀች። ስሙን እንጂ ሥራውን አናውቅም ነበርና ዝም አልን። ይህ ጽሑፍ የዚያን ቀን ዝምታ ቀዷ ማውጫ ይሁንልን።

ጥያቄው የቆየ ነው። 64 ቤት ባለው የቼዝ ሰሌዳ የመጀመሪያው ቤት ላይ አንድ የስንዴ ፍሬ፣ ሁለተኛው ላይ ሁለት፣ ሦስተኛው ላይ አራት፣ እንዲህ እጥፍ እያደረግን እስከ መጨረሻው ብናስቀምጥ ድምሩ ስንት ይሆናል?

እ.ኤ.አ. በ973 በኸዋሪዝም የተወለደው አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ፣ በ1000 ገደማ በጻፈው «አል-ኣሣር አል-ባቂያ» መልሱን ከነመንገዱ አስቀምጧል። እጥፉን 64 ጊዜ መደርደር አላስፈለገውም፤ ሁለት ሕግ በቃው።

አንደኛ፦ የአንድን ቤት ቁጥር በራሱ ስናባዛ፣ ያ ቤት ከመጀመሪያው የራቀውን ያህል ወደፊት የሚርቀውን ቤት ቁጥር እናገኛለን። 5ኛው ቤት 16 ነው፤ 16 በ16 ሲባዛ 256፣ እሱም የ9ኛው ቤት ነው። በዚሁ አካሄድ ወደ 17ኛው (65,536)፣ ወደ 33ኛው (4,294,967,296)፣ ከዚያም ወደ 65ኛው እንዘላለን።

ሁለተኛ፦ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያሉ ቤቶች ድምር ምንጊዜም ከቀጣዩ ቤት በአንድ ያንሳል። 1+2+4 ሰባት ነው፤ ቀጣዩ ቤት 8። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ የሌለውን 65ኛ ቤት አስልቶ አንድ መቀነስ ነው፦ 18,446,744,073,709,551,615።

25 ፍሬ አንድ ግራም ይመዝናል ብንል ይህ 738 ቢሊዮን ቶን ገደማ ስንዴ ነው። የዓለም የዓመት ምርት አንድ ቢሊዮን ቶን ስለማይሞላ ከ700 ዓመት በላይ ማጨድ ይጠይቃል።

መድረሳ ላይ ሚራስ የቀራን ሁሉ ድርሻ ከማካፈላችን በፊት ቁጥሩ በምን በምን እንደሚካፈል ማየት ለምደናል። ይህ ቁጥር የሰባት ብቸኛ (ፕራይም) ቁጥሮች ብዜት ነው፦ 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 641፣ 65,537 እና 6,700,417። ከእነዚህ 641 እና 6,700,417 ሲባዙ 4,294,967,297 ይሰጣሉ። ፈርማ ይህን ብዜት ብቸኛ ቁጥር ነው ብሎ ገምቶ ነበር፤ ግምቱን በ1732 ያፈረሰው ኦይለር ነው።

ኮምፒውተር የምናጠና ደግሞ ቁጥሩን በሌላ ስም እናውቀዋለን፦ አሉታዊ ቁጥር በማይይዝ ባለ 64 ቢት ቦታ የሚገባው ትልቁ ቁጥር ነው። አንድ ሲጨመርበት፣ ሁሉም 9 የሆነ የመኪና ኪሎሜትር ቆጣሪ እንደሚዞረው፣ ወደ 0 ይመለሳል። በራስ እያባዙ መዝለሉንም ዛሬ ኮምፒውተሮች መልእክት ሲመሰጥሩ ይጠቀሙበታል።

እህታችን ላነሳችው ጥያቄ ጀዛኪላሁ ኸይረን። እናንተም ካልኩሌተሩን አስቀምጡና ከ2 ተነስታችሁ ስድስት ጊዜ በራሱ አባዙት። የመጨረሻው ብዜት ወረቀት ይፈጃል። ያኔ ግን ስለ አል-ቢሩኒ ስንጠየቅ የምንመልሰው ይኖረናል፣ ኢንሻአላህ።