«ልጄ፣ ኮምፒዩተሩ ታሟል»፦ የሚያስቀው አቤቱታና በውስጡ ያለው ሳይንስ

በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሁሉንም ሠራተኛ ቢሮ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ ከተላላኪው ቀጥሎ የሚጠራው የኮምፒዩተር ጥገና ባለሙያው ነው። ማለዳ መዝገብ ቤት፣ ረፋድ ላይ ሒሳብ ክፍል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ኃላፊው ቢሮ ሲመላለስ ይውላል። በየደረሰበት የሚቀርብለት አቤቱታም ለሐኪም ወይም ለአስታራቂ ሽማግሌ የሚነገር ይመስላል። «ልጄ፣ ኮምፒዩተሩ ታሟል»፣ «ፕሪንተሩ አኩርፎኛል»፣ «ደብዳቤዬን በላብኝ» ይባላል። ባለሙያዎች እርስ በርስ ሲገናኙም እንዲህ ያሉትን አባባሎች እያነሡ ይሳሳቃሉ። «አልበራ አለ» ተብሎ ሦስት ፎቅ ከወጣ በኋላ የተነቀለ ገመድ ሰክቶ ለሚመለስ ሰው ሳቅ የውሎ አበሉ ስለሆነ በዚህ የሚፈርድበት አይኖርም።

ይሁንና በእነዚህ አቤቱታዎች ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተቀላቅለው ይገኛሉ። አንደኛው ተጠቃሚው በዓይኑ ያየው ሲሆን ሁለተኛው ላየው ነገር የሰጠው ምክንያት ነው። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተ ይሆናል። ምልከታው ግን ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። በመሆኑም በምክንያቱ ስቆ ምልከታውን አብሮ የሚጥል ባለሙያ ዋናውን ማስረጃ ይጥላል። የሚከተሉት ምሳሌዎች ይህንኑ ያስረዳሉ።

በሻይ ሰዓት የሚጠፋው ኮምፒዩተር

«ይህ ኮምፒዩተር ሻይ አይወድም፤ ልክ አራት ሰዓት ሲሆን ድርግም ይላል» የሚል ሠራተኛ ቢያጋጥም መሳቅ ቀላል ነው። ነገር ግን ኮምፒዩተሩ የራሱ የክስተት መዝገብ አለው። ባለሙያው መዝገቡን ከፍቶ አራት ሰዓትን ቢፈልግ ምንም አያገኝም፤ ምክንያቱም የእኛ አራት ሰዓት ለመሣሪያው አሥር ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት ጨምሮ ቢመለከት ግን በየቀኑ በተቀራራቢ ደቂቃ ላይ ድንገተኛ መጥፋት ተመዝግቦ ያገኛል።

ምሥጢሩ ያለው ከጠረጴዛው ሥር ነው። ለአንድ ኮምፒዩተር ተብሎ የሚገዛ አነስተኛ ዩፒኤስ የሚሸከመው ጭነት ብዙውን ጊዜ ከ400 ዋት አይበልጥም። የኤሌክትሪክ የውኃ ማፍያ ግን ከ1500 እስከ 2000 ዋት ሊስብ ይችላል። ማፍያው በዚያው ዩፒኤስ ላይ ሲሰካ ዩፒኤሱ ከአቅሙ በላይ ስለሚጫንበት ራሱን ለመከላከል ኃይል ይቆርጣል። ሠራተኛው ስለ ኮምፒዩተሩ ጠባይ የሰጠው ትንተና ስሕተት ቢሆንም የጠቆመው ሰዓት እውነት ነበር። በሰዓቱ ስቆ ያለፈ ባለሙያ ደኅናውን የኃይል ሳጥን አውጥቶ ሌላ ያስገዛ ነበር።

መብራት ሳይጠፋ ባደረ ቀን

ሌላው የተለመደ አቤቱታ «ኢንተርኔቱ የሚሠራልኝ ሌሊት መብራት ሳይጠፋ ያደረ እንደሆነ ብቻ ነው» የሚለው ነው። ጠዋት መብራት አለ፤ የጎረቤት ኮምፒዩተርም ያለ ችግር ይሠራል። ታዲያ የሌሊቱ መብራት ከጠዋቱ ኢንተርኔት ጋር ምን ያገናኘዋል?

በማዘርቦርዱ ላይ የሳንቲም ቅርጽ ያላት 3 ቮልት ባትሪ አለች። ሥራዋ ኮምፒዩተሩ ከኃይል ምንጭ ሲለይ ሰዓቱንና ቀኑን ማስቀጠል ነው። ባትሪዋ ብትደክምም ኮምፒዩተሩ ሶኬት ላይ እንደተሰካ እስካደረና ኃይል እስካልተቋረጠ ድረስ ሰዓቱ ከሶኬቱ በሚያገኘው ጥቂት ኃይል መቁጠሩን ይቀጥላል። መብራት ሲጠፋ ግን ቆጠራው ይቋረጥና ኮምፒዩተሩ ሲበራ ከብዙ ዓመት በፊት ያለ ቀን ያሳያል። ደኅንነታቸው የተጠበቀ ድረ ገጾች ደግሞ ማንነታቸውን የሚያረጋግጡበት ዲጂታል የምስክር ወረቀት አላቸው፤ የምስክር ወረቀቱም የመነሻና የማብቂያ ቀን አለው። ከዓመታት በፊት እንዳለ የሚያስብ ኮምፒዩተር ምስክር ወረቀቱን «ገና ሥራ ላይ ያልዋለ» አድርጎ ስለሚቆጥረው ገጹን ለመክፈት እምቢ ይላል። ስለዚህ መፍትሔው የኢንተርኔት መስመር መቀየር ሳይሆን ዋጋዋ አነስተኛ የሆነችውን ባትሪ መተካት ነው።

ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ የማይሄደው መልእክት

ይህን እውነታ ከሚያስረዱት ታሪኮች ሁሉ ዝነኛው ትሬይ ሃሪስ የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ሥርዓት አስተዳዳሪ በ2002 እ.ኤ.አ. የጻፈው ነው። ሃሪስ ለአተራረክ ሲል አንዳንድ ዝርዝሮችን እንዳስተካከለ ራሱ ገልጿል። በ1990ዎቹ በኖርዝ ካሮላይና በአንድ ዩኒቨርሲቲ የኢሜይል አገልግሎቱን በሚያስተዳድርበት ወቅት የስታትስቲክስ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ይደውሉለትና ከ500 ማይል፣ ማለትም ከ800 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ ኢሜይል መላክ እንዳልቻሉ ይነግሩታል። ኢሜይል ርቀት አይመርጥምና አቤቱታው ቀልድ ይመስል ነበር። ኃላፊው ግን ከመደወላቸው በፊት ለቀናት መረጃ ሰብስበው ነበር። ሃሪስም ራሱ ሲሞክረው ቅርብ ላሉ ከተሞች የላከው ደረሰ፤ ሩቅ ላሉት የላከው ከሸፈ።

ችግሩ የተፈጠረው በመልእክት ማመላለሻው ኮምፒዩተር ላይ በተደረገ የሶፍትዌር ለውጥ ነበር። ለውጡ የቆየ የፕሮግራም ቅጂ መልሶ በመጫኑ ቅጂው አዲሱን የቅንብር ፋይል በትክክል ማንበብ አልቻለም፤ ከሌላው ኮምፒዩተር መልስ የሚጠብቅበትን ጊዜም ዜሮ አድርጎ ወሰደው። በተግባር ይህ ዜሮ ከ3 ሚሊ ሰከንድ ትንሽ የሚበልጥ ጊዜ ሆኖ ተገኘ። ብርሃን በ3 ሚሊ ሰከንድ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስሌቱ ግምታዊ ቢሆንም ከኃላፊው ምልከታ ጋር ይቀራረባል። የስታትስቲክስ ምሁሩ ምክንያቱን ለመገመት ሳይቸኩሉ ያዩትን ብቻ ለክተው ማቅረባቸው ለመፍትሔው በር ከፈተ።

ባዶ ያልሆነው ባዶ ፍላሽ

እስካሁን ያየናቸው ምሳሌዎች ጉዳታቸው ጊዜና ገንዘብ ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን አለመስማት የማይመለስ ነገር ያሳጣል። አንድ ተማሪ ፍላሽ ዲስኩን ይዞ መጥቶ «የመመረቂያ ጽሑፌ ጠፋ፤ ፍላሹ ግን ሞልቷል ይለኛል» ሲል የሰማው ባለሙያ ቃሉን በጥሞና ሊመረምረው ይገባል። ባዶ የሆነ ነገር ሊሞላ አይችልምና።

በቢሮዎችና በጽሕፈት አገልግሎት ቤቶች ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዛመቱ አንዳንድ ቫይረሶች ፋይሎችን አያጠፉም። የፋይሎቹን ባሕርይ ለውጠው ከዓይን ይሰውሯቸዋል፤ በምትካቸውም በተመሳሳይ ስም አቋራጭ ምልክቶች ያስቀምጣሉ። ተጠቃሚው ምልክቱን ሲጫን ቫይረሱን በገዛ እጁ ያስነሣል። ማይክሮሶፍት በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማሻሻያ ፍላሽ ሲሰካ ፕሮግራሞች በራሳቸው እንዳይነሡ ቢያደርግም ይህ ዓይነቱ ማታለያ የሰውን እጅ ስለሚጠቀም በዚያ ብቻ አይገታም። የተሰወረውን ፋይል በአንድ አጭር ትእዛዝ መልሶ ማሳየት ይቻላል። «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረግ» ብሎ የቸኮለ ባለሙያ ግን በእጁ የነበረውን ጽሑፍ ለአደጋ ያጋልጣል፤ በላዩ ላይ ሌላ ነገር ከተጻፈበት ደግሞ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል።

አጥፍቶ ማብራትና የይለፍ ቃል

ተጠቃሚዎችም በበኩላቸው በባለሙያው የሚስቁበት ምክንያት አያጡም። «ምንም ብትጠይቀው መልሱ አጥፍተህ አብራው ነው» ይላሉ። ይህ ምክር ስንፍና ብቻ አይደለም። አንዳንድ ፕሮግራሞች የወሰዱትን የማስታወሻ ቦታ ሳይመልሱ ስለሚቆዩ ቦታው ቀስ በቀስ ይጣበባል፤ አጥፍቶ ማብራት ኮምፒዩተሩን ወደ ታወቀ መነሻ ይመልሰዋል። ሆኖም በስክሪኑ ላይ የነበረውን የስሕተት መልእክት አብሮ ስለሚያጠፋ ከማጥፋት በፊት መልእክቱን መጻፍ ወይም በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት ያስፈልጋል።

የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፎ ከኪቦርድ ሥር የሚለጥፍ ሠራተኛም የቀልድ ርእስ ነው። «በየሦስት ወሩ እየተለወጠ እንዴት ልያዘው?» የሚለው ቅሬታው ግን መሠረት ነበረው። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የይለፍ ቃሉ ለመጋለጡ ማስረጃ ከሌለ በየጊዜው እንዲለወጥ ማስገደድ እንደማይገባ አስታወቀ። የቀድሞውን ምክር የጻፉት ቢል በርም በዚያው ዓመት በአብዛኛው ምክራቸው መጸጸታቸውን ተናግረዋል። ሰዎች እንዲለውጡ ሲገደዱ በመጨረሻው ፊደል ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ይጨምራሉ፤ ይህም ለመገመት ቀላል ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ተጠቃሚው ባለሙያ ሲጠራ ሦስት ነገሮችን ለይቶ ቢናገር የሁለቱም ድካም ይቀልላል። እነዚህም ምን እንዳየ፣ መቼ እንዳየ፣ ከዚያ በፊት ምን እንደተለወጠ ናቸው። ሰዓት ሲጠቅስ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይግለጽ። ባለሙያው በበኩሉ አቤቱታውን በተነገረበት ቃል ይመዝግብ፤ ፎርማት ከማድረጉ በፊትም ፍላሹ ምን ያህል እንደተያዘ ይመልከት። ሁለቱም ደግሞ አስፈላጊ ጽሑፍ በአንድ ፍላሽ ላይ ብቻ እንዳይቀር ሌላ ቅጂ በሌላ ቦታ ያስቀምጡ። «ታሟል» የተባለው ኮምፒዩተር በሚቀጥለው ጊዜ ሲገጥማችሁም መጀመሪያ «መቼ መቼ ነው የሚያመው?» ብላችሁ ጠይቁ።